ነገ የማይታወቅ ሲሆን እቅድ እንዴት ይወጣል? ከአንድ የሀዋሳ ዳቦ ቤት

ሀዋሳ ውስጥ አንድን ነጋዴ «የዘንድሮ እቅድህ ምንድን ነው?» ብትሉት መጀመሪያ ይስቃል። አልፈርድበትም። በሐምሌ 2011 ከተማችን ታምሳ ሱቁ ሁሉ ተከርችሞ ነበር። በመጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በመስከረም 2013 የብር ኖት ተቀየረ። በየካቲት 2014 ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ገጠሙ፤ እነሱ እዚያ ሲታኮሱ እኛ እዚህ የስንዴና የዘይት ዋጋ ተሰቀለብን። በዚያው ዓመት ሐምሌ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሳት ጀመረ። በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያው ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ።

እኔ ዳቦ ቤት ነው ያለኝ። ከአቶቴ ሰፈር ብዙም አይርቅም። አጠገቤ ጁስ ቤት የከፈተ ልጅ አለ። አንድ ቀን ደብተሬን ይዤ ስሠራ አየና «እትዬ፣ አቮካዶ እንኳ የጠዋቱና የማታው ዋጋ በማይገናኝበት አገር ምን እቅድ ይወጣል?» አለኝ።

«አቮካዶው ነገ ስንት እንደሚገባ ማን ጠየቀህ?» አልኩት። «ዋጋው የወጣ ቀን ምን እንደምታደርግ ነው የሚጻፈው።»

የምለው ይኼው ነው። እቅድ ሲባል ብዙ ሰው ትንቢት ይመስለዋል። ትንቢቱ አንዴ ሲስት ወረቀቱን ይጥለዋል። የእኔ ወረቀት ላይ ግን የተጻፈው ውሳኔ ነው። ልብ ሳይደነግጥ፣ ሰው ሳያጣድፍ፣ ቁጭ ተብሎ አስቀድሞ የተወሰነ ውሳኔ። ዱቄት የጨመረ ቀን ሠራተኛው ያያችኋል፣ ተረካቢው ይደውላል፣ አከራዩ ይመጣል። በዚያ ቀን የሚወሰን ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይጥምም።

እዚሁ ሀዋሳ ጥሩ ምሳሌ አለን። ፍቼ ጫምባላላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። ቀኑን የሚለዩት አያንቶ የሚባሉ አዋቂ ሽማግሌዎች ጨረቃና ከዋክብት አይተው ነው፤ እንደ መስቀል ወይም እንደ ገና ዓመት ቆጥሮ በአንድ ቀን አይውልም። ቀኑ አልታወቀም ብሎ ግን ዝግጅቱን የሚተው ቤት የለም። ቅቤው ይጠራቀማል፣ እንሰቱ ይፋቃል፣ ቀኑ ሲነገር ሁሉም ወደ በዓሉ አደባባይ ወደ ጉዱማሌ ይወጣል። ንግድም እንደዚያ ሊዘጋጅ ይችላል።

ከዚህ በታች እኔ የምሠራበትን አሠራር ልንገራችሁ። የእኔ በዱቄት ነው። እናንተ በጨርቅ፣ በሞባይል፣ በዶሮ ቀይሩት።

የአንድ ኩንታል ሒሳብ

እቅድ ከሕልም አይጀምርም። «በሁለት ዓመት ሦስት ቅርንጫፍ» የሚለውን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ አንድ ኩንታል ዱቄት ወደ ቤታችሁ ገብቶ ዳቦ ሆኖ ሲወጣ ምን ያህል ብር ይዞ እንደሚመለስ እወቁ። ይህን በቃሉ የማያውቅ ዳቦ ቤት ስንቱን አይቻለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይሸጣል» ይላሉ። መሸጡንማ እኔም አያለሁ።

ለስሌት እንዲመች የተጠጋጋ ቁጥር ልጠቀም። የዛሬውን ዋጋ እናንተ ተኩበት። አንድ ኩንታል ፉርኖ ዱቄት 8,000 ብር እንበል። እርሾ፣ ጨው፣ ስኳርና ዘይት 600 ብር። መብራትና ማገዶ 500 ብር። ድምሩ 9,100 ብር ነው። መቶ ኪሎ ዱቄት ወደ 60 ሊትር ውሃ ሲጠጣ ሊጡ ከ160 ኪሎ ያልፋል። እያንዳንዱ ሊጥ 120 ግራም ከተመዘነ 1,350 ያህል ዳቦ ይወጣል። የሚያርረው፣ የሚጣመመው፣ ለሠራተኛ ቁርስ የሚሄደው ሲቀነስ 1,300 ይሸጣል። አንዱ በ10 ብር ከሆነ 13,000 ብር ገባ። ከዚያ ላይ 9,100 ሲቀነስ ኩንታሉ 3,900 ብር ይዞ መጣ ማለት ነው።

አሁን ብሠራም ባልሠራም የሚወጣውን ጻፉ። ኪራይ 25,000። ደመወዝ የእኔን ጨምሮ 36,000። «ሌሎች» ብዬ የምይዛቸው ጥበቃ፣ ውሃ፣ ስልክ፣ የማሽን ጥገና፣ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች፣ ሁሉም ተደምሮ 9,000። በወር 70,000 ብር። (የራሳችሁን ደመወዝ አስገቡ። ባለቤቱ ከመሳቢያው እየመዘዘ የሚበላበት ቤት መቼም ትርፉን አያውቅም።)

70,000ን ለ3,900 ብታካፍሉት 18 ይደርሳል። በወር 18 ኩንታል እስክንጋግር ድረስ የምንሠራው ለአከራይና ለደመወዝ ነው። በቀን አንድ ኩንታል የሚጋግር ቤት ከ18ኛው ቀን በኋላ ያለው ነው ትርፉ። 12 ኩንታል በ3,900 ሲባዛ፣ ግብር ሳይነሳ፣ 46,800 ብር።

እስካሁን ሁሉም ሰላም ነው። ዋጋውን ስታንቀሳቅሱት ነው የሒሳቡ ጥቅም የሚታየው።

ዱቄት ከ8,000 ወደ 8,800 ቢወጣ፣ ከኩንታሉ የሚተርፈው 3,100 ይሆናል። የወሩ ትርፍ ከ46,800 ወደ 23,000 ይወርዳል። ዱቄቱ ላይ የተጨመረው አሥር በመቶ ብቻ ነው፤ ትርፉ ግን በግማሽ ሄደ። 9,500 ቢገባ ደግሞ ወር ሙሉ ሠርታችሁ በእጃችሁ የሚቀረው 2,000 ብር ነው። ያኔ ባለቤቱ በደመወዝ የሚኖር ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው፤ እሱም ደመወዙን ከጻፈ።

ከዱቄት ዋጋ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ቁጥር አለ። ዱቄቱ እዚያው 8,000 ላይ ሆኖ በቀን 200 ዳቦ ሳይሸጥ ቢያድርስ? 2,000 ብር ጠፋ። ከኩንታሉ 1,900 ብቻ ይተርፋል። በወር 57,000። 70,000ው እንኳ አልተሸፈነም፤ 13,000 ብር ከሰርን። ስለዚህ ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቀነሰው ሊጡ ነው። ብዙ ሰው ግን «ደንበኛ ባዶ መደርደሪያ እንዳያይ» እያለ በድሮው ልክ ይጋግራል። ያደረ ዳቦ ለከብት አርቢ በርካሽ ሲጫን እያየሁ ሁሌ ይገርመኛል።

ይህ ስሌት አንድ ገጽ ነው። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ይሁን።

የሚታወቀውን ከማይታወቀው ለዩ

ጊዜው ድንግዝግዝ ነው ሲባል ሁሉም ነገር የጨለመ ይመስላል። ግን ብዙው ነገር በየዓመቱ ይመጣል። እሱን እንደ ድንገተኛ መቀበል ስንፍና ነው።

የሀዋሳን ዓመት ዘርግታችሁ ጻፉት። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ለምሳ ዕቃ የሚሆን ዳቦ ይፈለጋል። በዚያው ወር ለመስቀል ጉራጌው ወደ አገሩ ይገባል፣ ለጊፋታ ወላይታው ወደ ሶዶ ይሄዳል፣ ሰፈሩ ሳሳ ይላል። ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው። ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ የሆቴል ትእዛዝ ይጨምራል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቅቤና እንቁላል ያለበት ኬክ ይቆማል፣ የጾም ዳቦ ይሄዳል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ይገባል፤ በዚያ ወር የሚሸጠው ሰዓት ይለወጣል፣ የጠዋቱ ወረፋ ወደ ማታ 11 ሰዓት ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ የሻይ ቤቶቹ ትእዛዝ ይቀንሳል። ሐምሌ ላይ የበጀት ዓመት ይዞራል፣ ግብር ይመጣል።

ስንዴውም የራሱ ወቅት አለው። ከአርሲና ከባሌ የሚመጣው የመኸር ስንዴ ከኅዳር እስከ ጥር ሲታጨድ ዋጋው ይረጋጋል። ክረምት ላይ፣ አዲሱ ሳይደርስ፣ ይወደዳል። ይህን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። አውቆ ግን ሐምሌ ላይ «ዱቄት ጨመረ!» ብሎ ይጮኻል።

በዚህ ገጽ ላይ በየወሩ ጎን ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፦ በቀን ስንት ኩንታል፣ እና ከተለመደው ውጪ የሚወጣ ገንዘብ። ይበቃል። ይህ ሲለይ የቀረው የማይታወቅ ነገር ከምታስቡት ያንሳል። ለእሱ ደግሞ ሌላ ገጽ አለው።

«ከሆነ» የሚለው ገጽ

የደብተሬ ዋና ገጽ ይህ ነው። ሦስት ዓምድ አለው። ምልክቱ፣ የምናደርገው፣ የሚያደርገው ሰው።

ምልክቱ የሚቆጠር ነገር መሆን አለበት። «ገበያ ሲቀዘቅዝ» ምልክት አይደለም። ገበያ መቼ ቀዘቀዘ ብንባባል እኔና ጋጋሪዬ አንስማማም። «ለሦስት ተከታታይ ቀን ከ150 ዳቦ በላይ ሲያድር» ግን ምልክት ነው። ማንም ቆጥሮ ያውቀዋል። ለፖለቲካውም ለዶላሩም እንደዚያው። ዜና ሰምቶ መደንገጥ ሌላ፣ ዜናው በር ላይ ደርሶ በቁጥር መታየቱ ሌላ። በቡና ላይ የሚወራውን ሁሉ ምልክት ካደረጋችሁት በሳምንት ሦስት ጊዜ ንግድ ትቀይራላችሁ።

ለምሳሌ ያህል የእኔን ላካፍላችሁ።

ዱቄት 8,800 ሲደርስ። ከላይ እንዳሰላነው ትርፉ ግማሽ የሚሆንበት ቦታ ነው። በዚያ ቀን ሦስት የዱቄት ነጋዴዎች ጋ ይደወላል፣ አንዱ ጋ ብቻ አይደለም። ለተረካቢ ሱቆች የሚሰጠው ምርቃት ይቆማል። አዲስ ዱቤ አይከፈትም። የዳቦ ዋጋ አይነካም።

9,200 ሲደርስ። ዋጋ እንጨምራለን። አንድ ብር ብንጨምር ከኩንታል 1,300 ብር ይመጣል፤ ከ1,200ው ጭማሪ ይበልጣል። ግን የሚጨመረው በድንገት አይደለም። ከሳምንት በፊት በር ላይ ይለጠፋል፣ ለሱቆቹ ይነገራል። አንዳንዱ ዋጋ ከመጨመር ግራም መቀነስ ይመርጣል። እኔ አልወደውም። ከንግድ ጽሕፈት ቤት ጋር ያጣላል፤ ደግሞም ሴት ወይዘሮ በእጇ መዝና ታውቀዋለች፣ ምንም ሳትናገር ሌላ ቤት ትሄዳለች። ዋጋ ስትጨምሩ ግን ፊት ለፊት ትሳደባለች፣ ነገ ትመለሳለች።

የሻሸመኔ መንገድ ሲዘጋ። ዱቄታችን በብዛት በዚያ በኩል ነው የሚመጣው። መጋዘን ያለው ዱቄት ከሰባት ቀን በታች ከሆነና መኪና ካልገባ፣ ኬክና ብስኩት ይቆማሉ፤ ዱቄቱ ለዳቦ ብቻ ይሆናል። የቋሚ ደንበኞች ቁጥር አስቀድሞ ተጽፏል፤ ለእነሱ ይዳረሳል። ለማናውቀው ባለመኪና በጅምላ ጭኖ መስጠት በዚያ ሳምንት ያጓጓል። ደጋግሞ የሚመጣው ግን የሰፈሩ ሰው ነው።

መብራት ሌሊት ሲጠፋ። ይህ እንደ ትንሽ ነገር ይታያል፤ የሚያከስረው ግን ብዙ ነው። ሊጥ አይጠብቅም። ስለዚህ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ለሚሠራው አቡኪ ውሳኔው ቀድሞ ተሰጥቶታል። እኔን ከእንቅልፍ አይቀሰቅስም። ማቡኪያው ሳይጀምር ከጠፋ ግማሽ ብቻ በእጅ ይቦካል፣ እርሾው ይቀነሳል፣ ውሃው ቀዝቃዛ ይሆናል። ቦክቶ ከጠፋ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፤ ካልመጣ ጄኔሬተሩ ይነሳል። ሊጡ ከልክ በላይ ከተነሳ ደግሞ ታሽቶ እንደገና ይድቦለቦላል፤ በጓሮ ያለው የእንጨት ምድጃ ይለኮሳል። የምድጃው ማገዶ ሁልጊዜ ደርቆ ይቀመጣል፤ የጄኔሬተሩ ናፍጣ መጠን በበርሜሉ ላይ በቀለም ተሰምሯል። ከመስመሩ በታች ከወረደ ጠዋት የሚሞላው ሰው ስሙ ተጽፏል።

እኔ ከታመምኩ። ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ፣ ቴሌብሩን ማን እንደሚያይ፣ ዱቄት እስከ ስንት ብር ያለ እኔ ፈቃድ መግዛት እንደሚቻል። ሦስት መስመር ነው። ብዙ የቤተሰብ ንግድ የሚፈርሰው ይህ ሦስት መስመር ስላልተጻፈ ነው።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚረሳውን አንድ ነገር ላንሳ። ለመግባት ምልክት ትጽፋላችሁ፤ ለመውጣትስ? ኬክ ያቆማችሁት መቼ ነው የምትመልሱት? ዱቤው መቼ ይከፈታል? ዱቄት ሲረክስ የዳቦው ዋጋ ይወርዳል ወይ? ይህ ካልተጻፈ ቤቱ በፍርሃት ተቆልፎ ይቀራል። መንገዱ ከተከፈተ ስንት ወር ሆኖት ዛሬም የማያምን፣ ግማሽ ኩንታል እየጋገረ ደንበኛውን ለጎረቤት ያስረከበ ሰው አውቃለሁ። እኔ ጋ መመለሻው እንዲህ ነው፦ ዱቄት ለሁለት ሳምንት ከ8,500 በታች ከቆየ ምርቃቱ ይመለሳል። የዳቦ ዋጋ ደግሞ ከወረደ በግልጽ ይወርዳል፣ ይለጠፋል። አንዴ ያደረግነው ጊዜ ሰው በፎቶ አንስቶ ሲቀባበለው ነበር።

በድሮዎቹ አነጋገር «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ»። ይህ ገጽ የመደቆሻው ሰዓት ነው።

መጠባበቂያውን የት ታስቀምጡታላችሁ?

መጀመሪያ ስንት ቀን ተዘግታችሁ መቆም እንደምትችሉ አስሉ። በወር 70,000 የሚወጣ ቤት በቀን 2,300 ብር ገደማ ይበላል። 35,000 ብር ካላችሁ 15 ቀን ትቆማላችሁ። ያ ቁጥር በደብተሩ ላይ በትልቁ ይጻፍ። በየወሩ ይታደስ። ስንት ቀን ይበቃል? እኔ ለአንድ ወር ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ሌላው በሁለት ሳምንት ይረጋጋል።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ከበድ ይላል። ብር በባንክ ቢቀመጥ ይሟሟል። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ በሆነበት፣ በ2014 እና በ2015 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ ብዙ ነጋዴ «ብር አትያዝ፣ ዕቃ ያዝ» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ዱቄት ነቀዝ ይበላዋል፣ እርጥበት ይይዘዋል። የሀዋሳ ክረምት ደግሞ ለዱቄት አይራራም። ዋጋው የሚወርድበት ወቅትም አለ፤ ጥቅምት ላይ በውድ ገዝቶ ጥር ላይ ጎረቤቱ በርካሽ ሲገዛ የሚያይ ሰው ያሳዝናል። ከዚያም በላይ መጋዘን አጭቆ መቀመጥ «ምርት ደበቀ» ያሰኛል፤ ሱቁን ሊያሽጉ ሲመጡ ማስረዳት አያዋጣም።

የእኔ ልክ የአንድ ወር ዱቄት ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ ብሎ ይደረደራል። የገባበት ቀን በጆንያው ላይ ይጻፋል፣ የቆየው ቀድሞ ይወጣል። የተዘጋንበትን ቀን የሚሸፍነው ግን ብር ነው። አከራይ ዱቄት አይቀበልም።

እቁብ ከገባችሁ መዋጮው በየሳምንቱ ከእጅ እንደሚወጣ ገንዘብ ይቆጠር፤ ዕጣው ግን እስኪወጣ ድረስ በእቅዱ ውስጥ አይኑር። «እቁቤ ሲወጣ ምድጃ እገዛለሁ» ጥሩ ሐሳብ ነው። «እቁቤ ሲወጣ ደመወዝ እከፍላለሁ» ግን አደገኛ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ እቁቡ ራሱ ይናጋል፤ ሰው መክፈል የሚያቅተው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነው።

አንድ ትልቅ ደንበኛ

ይህ በሀዋሳ በደንብ የሚገባን ጉዳይ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሐምሌ ሲመረቅ ዙሪያው ሌላ ከተማ ሆነ። ከየወረዳው የመጡ ሴት ልጆች ለሦስት ለአራት ሆነው ቤት ተከራዩ። ጠዋት ሻይና ዳቦ ነበር ቁርሳቸው። በዚያ በኩል ዳቦ ቤት የከፈተ ሁሉ ተደሰተ። ከዚያ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል አወጣች፤ በእነሱ አቆጣጠር ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በፓርኩ የሚሰፋው ልብስ ያለ ቀረጥ መግባቱ ቀረ። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 2014 ላይ፣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ እዚህ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ዋሽንግተን በተወሰነ ነገር ሀዋሳ ላይ ሻይ ቤት ባዶ ሆነ።

ያንን ማስቀረት የሚችል ዳቦ ጋጋሪ የለም። ማድረግ የሚቻለው ሌላ ነው። ሦስቱን ትልልቅ ደንበኞቻችሁን ጻፉ። እያንዳንዱ ከቀን ሽያጩ ስንት እጅ ይወስዳል? አንዱ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ከወሰደ፣ «እሱ ነገ ቢቀር» የሚል ገጽ ለብቻው ይሠራለት። 1,300 ዳቦ ከሚሸጠው ውስጥ 500ው ወደ አንድ ካንቲን የሚሄድ ከሆነ፣ ካንቲኑ ሲቀር ኩንታሉን መጋገር አያዋጣም፤ በ60 ኪሎ ዱቄት ምን ያህል ሠራተኛ ያስፈልጋል የሚለው ዛሬ ይታሰብ። ትልቁን ደንበኛ እምቢ በሉ አላልኩም። እኔም አለኝ። ግን በእሱ ትእዛዝ ተማምኜ አዲስ ማሽን በብድር አልገዛም፤ ማሽኑን የሚከፍለው በበር የሚገባው ሰው መሆን አለበት።

ዱቤንም እዚሁ እይዘዋለሁ። የዱቤ ደብተር ላይ ያለ ብር መጠባበቂያ አይደለም። በክፉ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ለሱቆች የሳምንት ገደብ አለኝ፤ ቅዳሜ ያልከፈለ ሰኞ አይረከብም። ለጎረቤት ግን የተለየ ነው፤ የልጆች ቁርስ በዱቤ መስጠትን በሒሳብ አልከለክልም። ልኩ ግን ተጽፏል፣ እዚያው «ሌሎች» በሚለው 9,000 ውስጥ ገብቷል።

ለማን ይነገራል?

ብዙ ባለቤት እቅዱን ከሠራተኛው ይደብቃል። «ትርፌን ያውቃሉ» ብሎ። እኔ የትርፉን ገጽ ለራሴ አስቀምጣለሁ፤ «ከሆነ» የሚለውን ግን ለሁሉም አነባለሁ። በተለይ ከተዘጋን ደመወዝ እንዴት እንደሚሆን። የእኛ ስምምነት የመጀመሪያዎቹን 15 ቀናት ሙሉ፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ ነው። መጀመሪያ ስናገር ዋና ጋጋሪዬ «እትዬ፣ ልትዘጊ ነው እንዴ?» ብሎ ደንግጦ ነበር። «አልዘጋም፤ ብንዘጋ እንዳትደነግጥ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ሐሳብ ያመጣል። የመብራቱን ገጽ አብዛኛውን የጻፈው እሱ ነው፤ እኔ ሊጥ በግማሽ ሰዓት እንዴት እንደሚሆን እንደሱ አላውቅም።

ከአከራይ ጋር የምትነጋገሩት ችግር ሲመጣ አይደለም፤ ገበያ ደህና ሲሆን ነው። የጭማሪው መጠን የተጻፈበት የሁለት ዓመት ውል ይኑር። በደህና ጊዜ ትንሽ ከፍ አድርጎ ተከራክሮ መስማማት በክፉ ጊዜ ከመለመን ይሻላል።

ባንክ ስትሄዱ የሚጠይቋችሁ እቅድ ሌላ ዓይነት ነው። እሱ የአምስት ዓመት ሠንጠረዥ ይፈልጋል፣ መያዣ ይፈልጋል። የሚጽፉላችሁ ሰዎች አሉ፤ ክፈሉና ይጻፉ። ግን ከእናንተ የኩንታል ሒሳብ የወጣ ቁጥር መሆኑን ተቆጣጠሩ። ብድሩን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

መቼ ይታያል?

በየወሩ መጨረሻ አንድ ሰዓት ይበቃል። እኔ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሱቁ ጸጥ ሲል እቀመጣለሁ። የኩንታሉን ዋጋ አድሳለሁ፣ ያደረ ዳቦ ስንት እንደነበር ደምሬ አያለሁ፣ የመቆሚያ ቀኑን አስተካክላለሁ። ምልክት ከተነካ ግን ወሩ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ገጹ ይከፈታል።

ምልክት ተነክቶ የተጻፈውን ማድረግ ካልፈለጋችሁ አታድርጉ። እቅድ እስር ቤት አይደለም። ግን ለምን እንዳላደረጋችሁ አንድ መስመር ከጎኑ ጻፉ። «ዋጋ አልጨመርኩም፣ ገብርኤል ስለደረሰ» ብሎ የጻፈ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ልክ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም ብሎ ማየት ይችላል። ሳይጻፍ የቀረ ምክንያት ከሦስት ወር በኋላ ተቀይሮ ነው የሚገኘው።

በየገጹ ላይ ቀን ይኑር። ያረጀውን ገጽ አትቅደዱት፤ በአንድ መስመር ሰርዙትና ይቆይ። የአምናው የዱቄት ዋጋ በቀን ተጽፎ ሲገኝ፣ አከራዩ «ሁሉም ነገር ጨምሯል» ሲል ምን ያህል እንደጨመረ በጣታችሁ ታሳዩታላችሁ።